ቦራው ሲወፍር

እማማ ወርቅአየሁ ሰው ማመን ካቆሙ ቆይተዋል፤ ዘንድሮ ግን ፈረስም ማመን አቆሙ።

ከእንጅባራ ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቀርከሃ አጥር በተከበበው ግቢያቸው ውስጥ፣ አብረዋቸው የሚኖሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ የልጃቸው የፋና ልጅ ብሥራትና ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራው ፈረስ። ብሥራት አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። እናቱ ዳንግላ ላይ ሻይ ቤት አላት፤ ልጁ ያደገው በቦምቦሊኖና በለስላሳ መካከል ነው። አምና ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ “ከሻይ ቤት ጫጫታ ወጥቶ ይማርልኝ” ብላ ለአያቱ ላከችው። ከሚኒባስ ሲወርድ ያዩት አያቱ እልል ማለት ነው የቀራቸው። ጉንጩ የሞላ፣ አንገቱ የደነደነ፣ ሲራመድ መሬቱን የሚያንቀጠቅጥ። “ተመስገን! ልጅ ማለት እንዲህ ነው፤ ሲመቸው ነው እንጂ!” እያሉ ለመንደሩ ሁሉ አሳዩት። በእርሳቸው ዘመን የከሳ ልጅ እንጂ የወፈረ ልጅ ማንንም አሳስቦ አያውቅም።

ይህ ልጅ ነው እንግዲህ በገና ጾም መክሳት የጀመረው። መጀመሪያ ሱሪው ላላ። ቀጥሎ ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ ታየ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ውስጥ ገባ፤ ሳቁም አብሮ ገባ። ድሮ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከበር ጀምሮ የሚያወራው ልጅ፣ አሁን ቦርሳውን ወርውሮ በቀጥታ ወደ ጋጣው ይሄዳል። ከሰው ይልቅ ከፈረስ ጋር መዋል መረጠ። ያም ሳያንስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል። እማማ ወርቅአየሁ መጀመሪያ በዚህ ኮርተው ነበር፤ “የእኔ ልጅ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አይቀምስም” ብለው ለማኅበርተኞቻቸው አውርተዋል። ሲቆይ ግን ሆዳቸው ጠረጠረ። አምና በዚሁ ጾም የሽሮውን ድስት ጠርጎ “ሌላ የለም?” ይል የነበረ ልጅ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ መናኝ የሚሆነው በምን ተአምር ነው?

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን ምሳውን ይቀበላል። የገብስ ዳቦና ጨው የነካው የተቀቀለ ድንች ይሰጡታል፤ እሱም “ፀሐይ እየሞቅሁ ልብላ” ብሎ ሳህኑን ይዞ ወደ ጓሮ ይወጣል።

“በላህ ብሥራቴ?”

“በላሁ እማማ።”

“ምኑን?”

“ዳቦውን። ድንቹንም።”

“ሁሉንም?”

“ሳህኑን አያዩትም?”

ያዩታል። ጥርግ ያለ ነው፤ የተላሰ ይመስላል። ታዲያ የሚበላ ሰው እንዴት ይከሳል? ከነጠላቸው ጫፍ ጋር እየታገሉ ይህንን ሲያብሰለስሉ ይውላሉ።

መልሱን ያገኙት በፈረሱ ጀርባ ላይ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ብሥራት ቦራውን ውኃ ሊያጠጣ ሲነዳው ሁለቱንም ከኋላ አዩአቸው። የልጁ ሸሚዝ ትከሻው ላይ እንደ ማቅ ተንጠልጥሏል። የፈረሱ ዳሌ ግን እንደ ተነፋ ጎማ ግራና ቀኝ ይንከባለላል፤ ወገቡ መካከል ላይ ዝናብ የሚያቁር ሸለቆ ወጥቷል። ሣሩ በውርጭ በሚቃጠልበት በታኅሣሥ የሰው ሁሉ ፈረስ ጎኑ ሲገባ፣ የእርሳቸው ለሠርግ እንደ ተቀለበ ሰንጋ ሆኗል። እማማ ወርቅአየሁ የያዙትን ባልዲ አስቀመጡ።

የልጁ ሥጋ ወደ ፈረሱ ሄዷል።

ያልተማሩ ሴት አይደሉም። ከመሠረተ ትምህርት አልፈው እስከ ስድስተኛ ክፍል ገፍተዋል፤ የመድኃኒት ወረቀት ያነባሉ፣ ቀበሌ የሚለጥፈውን ማስታወቂያ ለጎረቤት ያነባሉ። ይሁን እንጂ ትምህርት ያልደረሰበት ነገር አለ ብለው ያምናሉ፤ መተት ደግሞ ከዚያ ውስጥ ዋናው ነው። በዓይናቸው እያዩት አይደለም እንዴ? ከአንዱ ሲቀነስ ከሌላው ላይ ይደመራል። ይህን ለማየት ስድስተኛ ክፍልም በዛ።

ማን ሊያደርገው እንደሚችል ለማሰብ ደግሞ ሩቅ አልሄዱም። ሟች ባላቸው ክንዴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ “ብሥራት አሥራ አምስት ሲሞላው ለጥር ፈረሰኞች በዓል በቦራው ላይ ይውጣ” ብለው ተናዝዘው ነበር። ይህን አገር ያውቃል። ጎረቤታቸው አየነውም ያውቃል። አምና የአየነውን ጥቁር ፈረስ፣ ጉራቹን፣ የቀደመው ይኸው ቦራው ነው፤ ያን ጊዜ ላዩ ላይ የነበረው የእማማ ወርቅአየሁ ልጅ አስማረ ነው። ከዚያ ወዲህ አየነው ጠዋት ጠዋት አጥራቸው ላይ ተደግፎ ቦራውን ያያል። ፈረስ ወዳድ ነው ይሉታል። “ፍቅር ሰውን ይህን ያህል አጥር ላይ አያስደግፈውም” አሉ እማማ ወርቅአየሁ። ልጁን አክስቶ ፈረሱን አስብቶ ሁለቱንም ለጥር ከንቱ ማድረግ፤ በአንድ ድንጋይ ሁለቱን።

መጀመሪያ ፈረሱን ፈተሹ። ከጋማው ሥር፣ ከኮርቻው ስፌት፣ ከጅራቱ ውስጥ ሳይቀር ክታብ ፈለጉ። አላገኙም። ከቤተ ክርስቲያን ባመጡት ጠበል ከራስ እስከ ኮቴው ሲረጩት ቦራው አልደነበረም፤ አንገቱን አስግጎ በአፍንጫው ጉያቸውን፣ ኪሳቸውን፣ የነጠላቸውን እጥፋት እየገፋ ይበረብራቸው ጀመር።

“ምን ጠፋብህ አንተ! ፈረስ ከመቼ ወዲህ ነው ሰው የሚፈትሸው?” ብለው በአዊኛ ጭምር ገሠጹት። ይህንንም ከምልክቶቹ ቆጠሩት።

ለፋና ደወሉላት።

“ፋናዬ፣ ልጅሽ እየከሳ ነው።”

“እሰይ!” አለች ፋና ከዳንግላ። ከኋላዋ የሻይ ቤቱ ብርጭቆ ይንጫጫል።

“እሰይ? የልጅ መክሳት እሰይ ይባልበታል?”

“እማዬ፣ ሐኪሙም እኮ ቀንስ ብሎት ነበር። በዚህ ዕድሜ ያን ያህል ውፍረት ለልብም ለስኳርም ጥሩ አይደለም። በርታ በይልኝ።”

“በርታ ልበለው? ልጁ ግድግዳ ይዞ ነው የሚነሣው!”

“ሄሎ? እማዬ? ኔትወርኩ…”

“ኔትወርኩ የሚጠፋው እኔ እውነት ስናገር ነው” አሉ እማማ ወርቅአየሁ ለተቋረጠው ስልክ።

በማግስቱ አየነው እንደ ልማዱ አጥሩ ላይ ብቅ አለ። ረጅም፣ ደረቅ፣ ጉልበቱ ከሱሪው ውስጥ የሚቆጠር ሰው ነው።

“እንዴት አደሩ እትዬ ወርቅአየሁ?”

“እኔስ ቤቴ ነው ያደርሁ። አንተ ግን አጥሬ ላይ ያደርህ ትመስላለህ።”

ሳቀ። “ቦራውን እያየሁ ነው። ምን እያበሉት ነው እባክዎ?”

“እሱንማ አንተ ታውቃለህ።”

“እኔ?”

“አዎ፣ አንተ። አምና ከተቀደምህ ወዲህ ዓይንህ ከዚህ ፈረስ ላይ ተነሥቶ ያውቃል? የልጄን ሥጋ አንሥተህ ፈረሱ ላይ የለጠፍኸው አንተ አይደለህም?”

አየነው አፉ ተከፍቶ ቀረ። “ሥጋውን… ምን አደረግሁት?”

“አታስደግመኝ!”

“እትዬ፣ እንደዚያ ያለ ጥበብ ቢኖረኝ ኖሮ ለጉራቼ ነበር የማደርገው! እስቲ እኛን ይዩን፤ እኔም አጥንት፣ እሱም አጥንት። ስንሄድ የምንንቋቋ ነን እኮ።”

እማማ ወርቅአየሁ ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል ከንፈራቸውን ነከሱ። ከጠላት ጋር አይሳቅም።

“ሌላ ልንገርዎ” አለ አየነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ይህ ፈረስ ድርቆሹን አይነካም። ትናንት አፉን አሸተትሁት። ዳቦ ዳቦ ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ ፈረስ ሳሳድግ ዳቦ ቤት ዳቦ ቤት የሚሸት ፈረስ አላጋጠመኝም። እንዲህ ከቀጠለ ሆዱን ይነፋውና ይሞትብዎታል።”

“አፉን ስታሸት ምን አስነካኸው?”

“ኧረ በጊዮርጊስ!” ብሎ እጁን ወደ ሰማይ ወርውሮ ሄደ። እየሄደም “ለካ ጎረቤትን ደኅና አደሩ ማለትም ያስከስሳል!” ሲል ሰሙት።

ዳቦ! ይህ ቃል ቀኑን ሙሉ ከጆሯቸው አልወጣም። መተቱን በዳቦ ውስጥ ነዋ የሚሰጠው! አሁን የቀረው እጅ ከፍንጅ መያዝ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ብሥራትን ጠርተው ምሳውን ሰጡት። “እኔ ጥርባ ድረስ ሄጄ ለቅሶ ልደርስ ነው፤ አመሻለሁ” አሉት። ጋቢያቸውን ደረቡ፣ ዣንጥላቸውን ያዙ፣ እስከ ባጃጁ መቆሚያ ድረስም በሰው ፊት ሄዱ። ከዚያ በጀርባ በኩል ዞረው፣ በድንች ማሳው ውስጥ አልፈው፣ ጋጣው ጀርባ ቁጢጥ አሉ። ጉልበታቸው ጮኸባቸው፤ ረገሙት። በቀርከሃው ስንጥቅ ዓይናቸውን አስጠግተው አየነው አጥር ሲዘል ለማየት ጠበቁ።

የመጣው ብሥራት ነው። ሳህኑን ይዟል።

ግርግሙ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ዳቦውን ቆረሰና ትልቁን ጉማጅ ለቦራው አጎረሰው። ቀጥሎ ሁለተኛውን። ድንቹን በጣቱ ፈርፍሮ በመዳፉ አቀረበለት፤ ፈረሱም በሰፊ ከንፈሩ ጨዉን ሳይቀር ጠረገው። አንድ ፍርፋሪ የልጁ ጣት ላይ ተጣብቃ ቀረች። ብሥራት ተመለከታት። ጣቱን ወደ አፉ አነሣ፤ ከንፈሩ ደርሶ ቆመ። ምራቁን ዋጠና ጣቱን በፈረሱ ከንፈር ላይ ጠረገው።

“ብላ” ይለዋል። “አንተ ስትጠነክር እኔ ስቀልል ጥር ላይ እንገናኛለን። ያኔ ወገብህ አይጎብጥም። ማንም አያዝንልህም። ትሰማኛለህ? ማንም።”

ከዚያ ሳህኑን አስቀመጠለት፤ ቦራውም ላሰው።

እማማ ወርቅአየሁ ለአንዳፍታ የቀርከሃው ስንጥቅ የዋሻቸው መሰላቸው። ሰው ሁሉ ተጠርጥሮ ነበር፤ ይህ አልተጠረጠረም። እንዴት እንደ ተነሡ ሳያውቁት ጋጣው በር ላይ ቆመው ተገኙ።

“ብሥራት።”

ልጁ ዘለለ። ሳህኑ ተንከባሎ ከፈረሱ ኮቴ ሥር ገባ። “ለ… ለቅሶ አልሄዱም?”

“ለቅሶው እዚህ ነው መሰለኝ። ምንድን ነው የምታደርገው?”

“ምንም።”

“ሰው ጾሙን ገድፎ ይደበቃል እንጂ፣ እህል ላለመብላት ይደበቃል? ንገረኝ። በአያትህ በክንዴ አጥንት ንገረኝ።”

አንገቱን ደፋ። ረጅም ጊዜ የፈረሱን ጋማ ሲያፍታታ ቆየ። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

“ትምህርት ቤት ሲኖ ይሉኛል። ሲኖ ትራክ። ወንበር ላይ ስቀመጥ ወንበሩን ‘አይዞህ’ ይሉታል። ባጃጅ ላይ ስወጣ ሾፌሩ ጎማውን ወርዶ ያያል። እሱን ችዬዋለሁ። ለኅዳር ሚካኤል ግን፣ እዚህ ቤት፣ ፈረሰኞቹ ተሰብስበው ‘ዘንድሮ ቦራውን ማን ይጋልበዋል?’ ሲሉ ጋሼ አስማረ ወደ እኔ ጠቆመና፣ ‘ይህ ነው፤ ኧረ ግን ፈረሱ ምን አጠፋ!’ አለ።”

እማማ ወርቅአየሁ ቀኑን አስታወሱት። ቤቱ በሳቅ ነበር የተናጋው።

“ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? ቆሎ ይዤ መካከላቸው ቆሜ ነበር።” ቀና ብሎ አያቸው። “እርስዎም ስቀዋል እማማ። በነጠላዎ አፍዎን ሸፍነው።”

የእማማ ወርቅአየሁ እጅ ወደ ነጠላቸው ሄደና ተመለሰ።

“ሰው የሚያዝነው ለተሸከመኝ ነው” አለ ብሥራት። “ለወንበሩ፣ ለባጃጁ፣ ለፈረሱ። ለእኔ ማንም… እኔ ብጠፋ ሁሉም የሚቀልለው ይመስለኛል።”

“አፍህን! እንዲህ አይባልም!” ብለው ወደ እሱ ተራመዱ። ልጁም ሊነሣ ሞከረ። ግርግሙን ያዘ፣ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ድርቆሹ ላይ ተዘረረ።

የእማማ ወርቅአየሁ ጩኸት ዘንገና ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። አየነው ያን ይዘልለዋል ተብሎ ሲጠበቅ የነበረውን አጥር በእውነት ዘለለው። ምንም አልጠየቀም። ጎንበስ ብሎ ልጁን በጀርባው አዘለው።

ብሥራት ዓይኑን ከፈት አድርጎ፣ “ይተዉኝ፣ ጋሼ አየነው፣ ከባድ ነኝ” አለ በተሰበረ ድምፅ።

“ዝም በል! ማን ጠየቀህ?” አለ አየነው፣ ደረቅ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ። “እትዬ፣ ባጃጅ ያስቁሙልኝ!”

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሲስተር ትዕግስት የምትባል ወጣት ነርስ ልጁን አስተኝታ፣ ደሙን መርምራ፣ ስኳር ያለበት ውኃ ቀስ ብላ አጠጣችው። ከዚያም እማማ ወርቅአየሁን “እባክዎ ውጭ ይጠብቁን” አለቻቸው።

“ለምን? እኔ አያቱ ነኝ።”

“ስለሆኑ ነው እማማ። ለአያት የማይነገር ነገር ይኖራል።”

ወጡ። በሩ ሲዘጋ ግን ጆሯቸው አብሮ አልወጣም፤ ከበሩ ጋር ተጣበቀ። ጉርምርምታ እንጂ ቃል አልሰማ ሲላቸው ተናደዱ። ይህች ልጅ ምን እየነገረችው ነው? ምን እየነገራትስ ነው? የእርሳቸውን ሳቅ ነግሯት ይሆን? አየነው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ወገቡን ያሻል።

“አይሰማም እትዬ፤ በሩ ወፍራም ነው” አላቸው።

“ማን ያዳምጣል? ተደግፌ ነው።”

ከዚያ ፊታቸውን ወደ እሱ ሳያዞሩ፣ “ያን ያልሁህን… እርሳው” አሉት።

“የቱን? ስለ ሥጋው?”

“አታስደግመኝ አልሁ እኮ።”

“እኔ እንኳ መርሳት አልፈልግም” አለ አየነው። “ለልጆቼ ነግሬ አስቄያለሁ። ብቻ ሚስቴ፣ ‘ካወቅህበት ከእኔ ትንሽ ቀንስልኝ’ ብላኛለች።”

ይህን ብሎ ሊስቅ ጀመረና ወዲያው ወደ በሩ ተመልክቶ ተወው።

ሲስተር ትዕግስት ስትወጣ እማማ ወርቅአየሁን ብቻቸውን ወሰደቻቸው። “የምነግርዎ እሱ ‘ይንገሯቸው’ ያለኝን ነው። የወደቀው ከረኃብ ነው። ውፍረቱን መቀነስ ይገባዋል፤ ግን በረኃብ አይደለም። ገና በማደግ ላይ ያለ ልጅ ነው። በሰዓቱ ይብላ፣ ለስላሳውን ይተው፣ በእግሩ ይሂድ። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ ልቡ ነው፤ በጣም አዝኗል። ብቻውን ረጅም ጊዜ አይተዉት፤ በየሳምንቱም እኔ ጋ ይምጣ፣ እናወራለን። እናቱም ትስማ። ‘ብጠፋ’ የሚል ቃል ደግሞ ከሰሙ ሳምንት አይጠብቁ፤ ያን ጊዜውኑ ይዘውት ይምጡ።”

“ምግብስ ምን ልስጠው? በቅቤ…”

“ቤት ያለውን ይስጡት። ስለ ገላው ግን አይናገሩበት። ወፈርህም፣ ከሳህም፣ አማረብህም አይበሉት። ሌላም ሰው አይበለው።”

“አማረብህም አይባልም?”

“ለጊዜው አይባልም።”

እማማ ወርቅአየሁ ይህችን ነርስ ጠረጠሯት። ልጅ አማረብህ ካልተባለ ምን ይባላል? ቢሆንም ለፋና ደውለው የተባሉትን ሳያጎድሉ ነገሯት፤ በዚህ ጊዜ ኔትወርኩ አልጠፋም፤ የጠፋው የፋና ድምፅ ነው። ሲመለስ በለቅሶ ነበር።

ማታ ቤት ሲገቡ ብሥራት አንድ ነገር ለመናቸው። “ጋሼ አስማረ እንዳይሰማ። ከሰማ ለፈረሰኞቹ ያወራዋል። ፈረስ የቀለበ ይሉኛል። ይማሉልኝ።”

በጊዮርጊስ ማሉለት። በጊዮርጊስ ምለው ያፈረሱት ነገር በሕይወታቸው የለም።

ከዚያ ወዲያ ልጁ ከእርሳቸው ጋር ጠረጴዛ ላይ ይበላል፤ አንዳንድ ቀን ግማሹን፣ አንዳንድ ቀን ሁሉን፣ አንዳንድ ቀን “አልችልም” ብሎ ይተወዋል። እርሳቸውም እያንዳንዱን ጉርሻ በዓይናቸው እስከ ጉሮሮው ይሸኙታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲስተር ትዕግስት ጋ ይወስዱታል። ምን እንደሚያወሩ አይነግራቸውም፤ እርሳቸውም በሩን መደገፍ አልተውም።

የገና ማግስት አስማረ ከዳንግላ መጣ። ቦራውን ለጥር ሊያሠራው ነው። እንደ ገባ እናቱን ሳመና ወደ ጋጣው አለፈ። ከጋጣው ጩኸት ተሰማ።

“እማዬ! ይህ ምንድን ነው? ምን ሆኖ ነው ይህ ፈረስ?”

እማማ ወርቅአየሁ እየተንገዳገዱ ወጡ። አስማረ የቦራውን ጎን በመዳፉ ይመታል፤ ጎኑ እንደ ሊጥ ይርገበገባል። ትንሽ በገመድ አዙሮት ስለነበር ፈረሱ እንደ ወናፍ ይተነፍሳል።

“ለጥር በዓል የቀረው ሳምንታት ነው! ይህ እንኳን ሊሮጥ ቆሞም ደክሞታል! ማን ነው እንዲህ ያደረገው?”

“እንጃ። ሣሩ…”

“የታኅሣሥ ሣር ነው እንዲህ የሚያደልበው? እህል ነው ያበሉት። ሆን ብለው ነው።” ዓይኑ በአጥሩ ላይ ተሻግሮ ሄደ። “አየነው ነው። ከእሱ ሌላ ማን ይጠቀማል? አምና የዋጠውን ንዴት ነው ያስመለሰብን።”

እማማ ወርቅአየሁ ልጃቸውን ሲያዩ ራሳቸውን አዩ። ያው ፊት፣ ያው ጣት፣ ያው የተዘጋጀ ክስ። አስማረ ከበሩ ጀርባ ዱላውን አነሣ።

“አስማረ፣ ተው። አየነው አይደለም።”

“ታዲያ ማነው? ታውቂያለሽ? ካወቅሽ ንገሪኝ!”

በጊዮርጊስ ምለዋል። ቢናገሩ ብሥራትን ያጣሉ፤ አንድ ጊዜ ባመነው ሰው ላይ እምነቱ ከጠፋ ሌላ የሚደበቅበት ጋጣ ይፈልጋል። ዝም ቢሉ ልጁን በጀርባው ባዘለው ሰው ላይ ዱላ ይወርዳል። “አይደለም አልሁህ! እናትህ አይደለም ካልሁህ አይደለም!” ብለው ክንዱ ላይ ተንጠለጠሉ። አስማረ ቀስ አድርጎ አላቀቃቸውና ወደ በሩ አመራ።

“እኔ ነኝ።”

ብሥራት ከቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሟል። እጆቹን ሹራቡ ውስጥ ሸሽጓል።

“ምኑን ነው አንተ የሆንኸው?” አለ አስማረ።

“እኔ ነኝ ያበላሁት። ምሳዬን። ጋሼ አየነው ምንም አላደረገም።”

“ምሳህን? ለፈረስ?” የአስማረ ፊት ላይ ሳቅ ሊወጣ ተንደረደረ፤ ሳቅ ለእሱ ቅርብ ነው። የእናቱን ዓይን ሲያይ መንገድ ላይ ቀረ። “ለምን?”

“እንዲሸከመኝ። እርስዎ ‘ፈረሱ ምን አጠፋ’ ስላሉ።”

“እኔ? መቼ?”

በእውነት አያስታውስም። እማማ ወርቅአየሁ ይህን በፊቱ ላይ አነበቡት፤ ከሁሉም ይልቅ የከበዳቸው ይህ ነው። ልጁን ድርቆሽ ላይ የጣለው ቃል፣ ከተናገረው ሰው አፍ ወጥቶ የትም አልተቀመጠም።

“ለኅዳር ሚካኤል፣ እዚህ ቤት” አሉ እማማ ወርቅአየሁ። “አንተ ተናገርህ፤ እኔ ሳቅሁ። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም። ወድቆብኝ ነበር፣ አስማረ። ተሸክሞ ሐኪም ዘንድ ያደረሰልኝ ልትደበድበው የምትሄደው ሰው ነው።”

አስማረ ዱላውን መሬት ላይ አስደግፎ ቆየ። ብሥራትን አየው፤ ምናልባት ከመጣ ወዲህ መጀመሪያ ያየው ያን ጊዜ ነው። የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። እማማ ወርቅአየሁ ጣታቸውን አነሡ።

“ስለ ገላው አንድ ቃል እንዳትናገር። ከሳህ አትበል፣ ወፈርህ አትበል። በዚህ ቤት ቀርቷል።”

“እና ምን ልበል?”

“እንጃ። እኔም ገና እየተማርሁ ነው።”

አስማረ አንገቱን አከከ። ብዙ ቀልድ የሚያውቅ ሰው ቀልድ ሲከለከል ምን ያህል ድኻ እንደሚሆን በፊቱ ላይ ታየ። በመጨረሻ፣ “አጥፍቻለሁ” አለ፣ ወደ መሬት። ከዚያ ቀና ብሎ ለልጁ ደገመው፤ “አጥፍቻለሁ፣ ብሥራት።”

ልጁ ይቅር አልሁም፣ አላልሁምም አላለ። ትከሻውን ብቻ ነቀነቀ።

“ዘንድሮ አልጋልብም” አለ ቆይቶ።

“ለምን? አሠራችኋለ… አሠራዋለሁ፣ ፈረሱን…”

“አልፈልግም። ሰው ሁሉ የሚያየኝ ቦታ አልፈልግም፣ አሁን። ግን ቦራውን ጠዋት ጠዋት ወደ ዘንገና ይዤው ልሂድ። ልጋልበው አይደለም። በገመድ።”

አስማረ እናቱን አየ። እማማ ወርቅአየሁ የሟች ኑዛዜ ትዝ ብሏቸው ልባቸው ተንቀሳቀሰ፤ ክንዴ ግን ሞተዋል፤ ሊራቡ አይችሉም። “ይሂድ” አሉ።

“እሺ፣ ይሁን” አለ አስማረ።

“አንተ ደግሞ ያን ዱላ አስቀምጥና አየነውን ጥራው። የገና በግ ገና አላለቀም። ስለ እኔም ስለ አንተም ይቅርታ ጠይቀው፤ የእኔን አንድ ጊዜ ብያለሁ፣ በደንብ ግን አላልሁትም።”

አየነው መጣ። ማዕዱ ቀረበ፤ አራቱም ዙሪያውን ተቀመጡ። አየነው ስለ ጉራቹ ያወራል፣ አስማረ ስለ ዳንግላ መንገድ ያወራል፤ ሁለቱም ብሥራትን ላለማየት ሲታገሉ ከሚገባው በላይ ወደ ግድግዳው ያያሉ። እማማ ወርቅአየሁ ግን ሌላ የሚያዩት ነገር የላቸውም። ልጁ እንጀራ ቆረሰ። ጠቀለለ። አነሣ።

“እማማ።”

“አቤት።”

“ዓይንዎን ከአፌ ላይ ያንሡልኝ። ሲያዩኝ አይወርድልኝም።”

እማማ ወርቅአየሁ ፊታቸው ጋለ። ምን ያውቃሉ፣ ዓይናቸውን ቢያነሡ ጉርሻው ወደ ኪሱ ቢገባስ? ከማዕዱ ሥር ቢወድቅስ? ልጁ ግን ጉርሻውን እንደ ያዘ ይጠብቃቸዋል። ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ውጭ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ግቢው፣ ፀሐዩ፣ የታጠበ ልብስ። እሱኑ ትክ ብለው አዩት፤ ጆሯቸውን ግን ማዞር አልቻሉም። ከኋላቸው፣ በሁለቱ ሰዎች ወሬ መካከል፣ ልጁ ሲያኝክ ሰሙ።